ከገና ዱላ እስከ ቀስት
ሻምበል አበበ ቢቂላ የተጫወታቸው ጨዋታዎች

በልደት ቀን ከቀትር በኋላ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ወደ ዳባት ሲቃረብ፣ እህሉ በተነሣበት ገላጣ ሜዳ ላይ አቧራ ሲጨስ ያያል። ጠብ የተነሣ ይመስለዋል። ጎረምሶች ዱላ ይዘው ይሯሯጣሉ፤ ይጯጯኻሉ፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ዘሎት ያልፋል። ቀረብ ብሎ ሲመለከት ግን የዱላዎቹ ጫፍ የተቆለመመ ነው፤ በመካከላቸውም አንዲት ትንሽ ሩር ትንከባለላለች። ነገሩ የገና ጨዋታ ነው።

ይህ ጨዋታ የተሰመረ ሜዳ የለውም። የተጫዋቹም ቁጥር አይወሰንም፤ የመጣው ሁሉ ለሁለት ይከፈልና ይጋጠማል። ሩሯን እየመቱ ወደ ባለጋራው ወገን ዳርቻ ማድረስ ነው፤ ዳርቻው ግን አንዳንድ ጊዜ ከማዶ መንደር ነው። ሩሯ ገደል ብትገባ ተከትሎ መውረድ፣ ዳገት ብትወጣ ተከትሎ መውጣት ግድ ነው። በዚያች ቀን ጌታና አሽከር አብረው ይጫወታሉ፤ አሽከሩ ጌታውን ቅልጥሙን ቢለውም ቂም አይያዝበትም። ደባርቅን በመሰለ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ባለ አገር ላይ ይህን ጨዋታ እስኪመሽ የተጫወተ ልጅ ሳንባው ምን ያህል እንደሚሰፋ አንባቢ ራሱ ይገምተው።

ገናን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ማንኛውም ተማሪ አበበ ቢቂላ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ «በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈ» ብሎ ሳያመነታ ይመልሳል። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። አበበ ሩጫን ከመጀመሩ በፊትም፣ መሮጥ ከተሳነው በኋላም ተጫዋች ነበር። ጋዜጦቻችን ስለ ሮማ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ቶኪዮም አልሰነፉም። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በአንድ መስመር አልፈውታል።

በአየርላንድና በእንግሊዝ አገር አንድ ወጣት በብርዱ ወራት ራግቢ፣ ሙቀቱ ሲመለስ ደግሞ ክሪኬት ይጫወታል። ራግቢ የእንቁላል ቅርጽ ያለውን ኳስ በእጅ ይዞ እየተገፈታተሩ የሚሮጡበት፣ ክሪኬት ደግሞ የተወረወረ ኳስ በጠፍጣፋ ዱላ የሚመቱበት ጨዋታ ነው። በሁለቱም ጎበዝ ሆኖ ለአገሩ የተሰለፈ ሰው በዚያ አገር ታሪኩ ይጻፍለታል፤ የልጆች አርአያም ይሆናል። ወደ እኛ ስንመለስ ጨዋታን በወቅት የመከፋፈል ልማድ ቀድሞም የነበረ ነው። በታኅሣሥ ገና፣ በጥር የፈረስ ጉግስ፣ ውኃ በሞላ ጊዜ ዋና። የጎንደር ልጅ በጥምቀት ማለዳ በፋሲል መዋኛ ውስጥ ሲወረወር ያየ ሰው ይህን ለማመን ምስክር አያስፈልገውም። ልዩነቱ፣ እነርሱ የሁለት ጨዋታ ሰውን ታሪክ በመጽሐፍ ሲያኖሩ እኛ የአምስት ጨዋታ ሰው ኖሮን የምናስታውስለት አንዱን ብቻ መሆኑ ነው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። ገና ሕፃን ሳለ ጠላት አገሩን ወረረ፤ ቤተሰቡም ቀዬውን ለቅቆ ተሰደደ። ከዚያ ተመልሰው በእርሻ ሲኖሩ፣ ልጁ እንደ ማንኛውም ያገር ቤት ልጅ ከብት እየጠበቀ አደገ። በዋናም ሳይቀር ከእኩዮቹ የላቀ እንደ ነበረ ይነገርለታል። ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ጨዋታ ግን ገና ነበር። ያን ጊዜ ሰዓት የሚይዝለት፣ ርቀት የሚለካለት አልነበረም። ሩር ተከትሎ መሮጥ ሩጫ ተብሎ አይቈጠርምና እናትና አባት ልጃቸው በዓለም የታወቀ ሯጭ እንደሚሆን ከየት ያውቁት?

በ1940ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ መጣና በክቡር ዘበኛ ውስጥ በወታደርነት ተቀጠረ። እዚህ ላይ በየመሥሪያ ቤቱ የሚያገለግለው ወጣት አንባቢያችን አንድ ነገር ልብ ይበል፤ አበበ ደመወዝተኛ ነበር። ስፖርት የኑሮው መተዳደሪያ ሳይሆን ከሥራው ጎን የያዘው ነገር ነው። ዘብ ቆሞ፣ ሰልፍ ተሰልፎ፣ በተረፈው ጊዜ ከሱሉልታ ኮረብታ እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ ነበር። ኦኒ ኒስካነን የሚባለው፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የቀጠረው ስዊድናዊ አሠልጣኝ ያገኘውም በዚሁ ዘመን ነው። ሆኖም አበበ ወዲያው አልቀናውም። በ1948 ዓ.ም. በጦር ኃይሎች ውድድር ዋሚ ቢራቱ ቀድሞት እርሱ ሁለተኛ ወጣ። ማራቶን፣ ማለትም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ1952 ዓ.ም. ክረምት ሲሆን፣ ከአንድ ወር በኋላ እዚያው አዲስ አበባ ላይ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ጨረሰ። ይህ ጊዜ የቼኮዝሎቫኪያው ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ይሻላል፤ ያውም አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ። ውጭ አገር ግን ማንም አልሰማም።

የሮማው ሩጫ የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። እኛ የዘመን መለወጫን ዋዜማ ይዘን ነበር ማለት ነው። አበበ ለሩጫው ጫማ ገዝቶ ቢሞክረው እግሩን ላጠው። በባዶ እግሩ መሮጥ ደግሞ ለእርሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጓደኛው አበበ ዋቅጅራም እንደዚሁ ጫማ ሳያደርግ ተሰለፈ። ሩጫው የተጀመረው ከቀትር በኋላ በ11 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ሲመሽ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ያስቀናል። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ተጠንቀቅ፣ ቁጥሩ 26 ነው ተብሎ ተነግሮታል። ራዲ ግን የለበሰው ቁጥር 185 ነበር። አበበ 26 ቁጥርን ከፊቱ እየፈለገ፣ አጠገቡ የሚሮጠው ባለ 185 ራሱ ራዲ መሆኑን ሳያውቅ ብዙ ኪሎ ሜትር አብሮት ተጓዘ። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ በመንገዱ ዳር የቆመውን የአክሱምን ሐውልት አለፉ፤ ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ወስደው በሮማ የተከሉትን፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰውን ማለት ነው። በመጨረሻው 500 ሜትር ግድም አበበ አፈተለከና በቈስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ገባ። ራዲ የደረሰው ከ25 ሴኮንድ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ማራቶንን በዚህ ፍጥነት የጨረሰ ሰው አልነበረም፤ የሶቪየት ኅብረቱ ፖፖቭ በ1950 ዓ.ም. ከያዘው ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ቀንሶለታል።

(ከ50 ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 12 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ አንድ ሌላ ኢትዮጵያዊ የሮማን ማራቶን እየመራ መጨረሻው ሲቃረብ ቆም ብሎ ጫማውን አወለቀና ለአበበ መታሰቢያ ሲል በባዶ እግሩ ገብቶ አሸነፈ። የዚህ ሯጭ ስም ሲራጅ ገና ነው። ገና የአባቱ ስም ነው፤ እኛ ግን ስናነበው ሳንደሰት አልቀረንም።)

ስለዚያው ሮማ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አበበ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው በዚያችው ከተማ ውድድር ጀመሩ። አከርካሪያቸው ተጎድቶ እግራቸው የማይታዘዝላቸው ሰዎች ናቸው። ዛሬ ፓራሊምፒክ የሚባለው ጨዋታ የመጀመሪያው ይኸው ነው። ከተወዳደሩባቸውም ጨዋታዎች አንዱ ቀስት መወርወር ነበር። አበበ በዚያን ሳምንት አበባ እየተነሰነሰለት፣ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ስለ እግሩ ሲጽፍ የሰነበተ ሰው ነው። እነዚያን ሰዎች የሚያስብበት ምን ምክንያት ነበረው?

ስለ ቶኪዮ በአጭሩ እንለፍ፤ አንባቢ ያውቀዋልና። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከ35 ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ ጫማ አድርጎ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ገባ። ሁለተኛው የእንግሊዙ ሂትሊ ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው የደረሰው። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ከዓለም የመጀመሪያው ሰው አበበ ሆነ። ከገባ በኋላ ሣሩ ላይ ተንጋሎ እግሩን እያነሣና እየጣለ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹ ጉድ አለ፤ ሌሎቹ እየወደቁ በሚገቡበት ቦታ እርሱ ገና ጨዋታ የሚጀምር ይመስል ነበር። ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላም ባለ ተሽከርካሪ ወንበሮቹ እንደ ሮማው ሁሉ ተከትለውት ቶኪዮ ገቡ።

በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የሆነው ሌላ ነው። አንድ ቁጥርን ለብሶ ተሰለፈ፤ ነገር ግን የግራ እግሩ ታምሞ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ቀጠለና አሸነፈ። አበበም በዚያ ዓመት የሻምበልነት ማዕርግ አገኘ። ዕድሜው 36 ነበር፤ እግሩ ይድናል፣ ገና ይሮጣል የሚል ተስፋ ነበረ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ቮልስዋገን መኪናውን እየነዳ ሳለ ተገለበጠ። እስኪነጋ ድረስ እመኪናው ውስጥ እንደ ተያዘ ቆየ። ሲያወጡት ከአንገቱ በታች ሰውነቱ አይታዘዝም ነበር። በሳምንቱ ስቶክ ማንደቪል ወደሚባለው የእንግሊዝ አገር ሆስፒታል ተወሰደና በዚያ ስምንት ወር ተኛ። ንግሥት ኤልሳቤጥም ሆስፒታል ድረስ ሄደው ጠይቀውታል።

ይህን ሆስፒታል ማወቅ ያስፈልጋል። የአከርካሪ ጉዳት ክፍሉን በ1936 ዓ.ም. ያቋቋሙት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ፣ በይሁዲነታቸው ምክንያት ከሂትለር ጀርመን ሸሽተው እንግሊዝ የገቡ ሐኪም ናቸው። በዚያን ዘመን አከርካሪው የተሰበረ ወታደር ከአልጋ ላይ ይተኛና ገላው እየቆሰለ፣ ኩላሊቱ እየታመመ ብዙም ሳይቆይ ይሞት ነበር። ጉትማን ይህን ልማድ አልተቀበሉትም። በሽተኛውን በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት አሉ፤ ቀጥሎም አጫውቱት አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ 16 በሽተኞችን በሆስፒታሉ ሣር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር አሰልፈው ቀስት አወዳደሯቸው።

ቀስት የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። የቀስት ገመድ የሚሳበው በክንድ፣ በትከሻና በጀርባ ላይኛ ክፍል ነው። ከወገብ በታች የማይንቀሳቀስ ሰው ወንበሩን የሚገፋው፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ራሱን የሚያሻግረው፣ ተቀምጦ ሚዛኑን የሚጠብቀው በእነዚሁ ጡንቻዎች ነው። ስለዚህ ጨዋታው ሕክምና ነው። ደግሞም ቀስት ለሚወረውር ሰው እግር ብዙም አያስፈልገውም፤ ተቀምጦ የሚወረውር ከቆመው ጋር እኩል ሊወዳደር ይችላል። በሩጫ እንዲህ ያለ እኩልነት የለም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ የሚማሩ ወጣቶች ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ አጥርተው ያውቁታል፤ የሰውን ጡንቻ አንድ በአንድ እያነቁ ወደ ሥራው መመለስ የእነርሱ ትምህርት ነው።

አበበ እጆቹ ቀስ በቀስ ተመለሱለት። እግሮቹ አልተመለሱም። አሁን ነገሩን በሰውየው ቦታ ሆነን እንየው። ለዓመታት የሠራው ሥራ ሁሉ ያለው በእግሩ ላይ ነው። ሳንባው፣ ልቡ፣ የዓለም ስሙ፣ ማዕርጉ ሳይቀር የመጣለት በዚያ ነው። ትከሻው ግን እንደ ማንኛውም ጀማሪ ነው። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው፣ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ ገመድ መሳብ ከሚማሩ በሽተኞች ጋር ተሰልፎ፣ ቀስቱ ከዒላማው ወጥቶ ሣር ላይ ሲወድቅ ማየት አለበት። ብዙ ታላላቅ ሰዎች ይህን አይወዱትም። በአንድ ነገር አንደኛ የነበረ ሰው በሌላው መጨረሻ ሆኖ መታየት ስለሚያፍር እቤቱ ይቀመጣል። በመሥሪያ ቤትም ቢሆን ከሹመት ወርዶ በተራ ጸሐፊነት እንደገና ይጀምር የተባለ ሰው ምን እንደሚሰማው እናውቃለን።

አበበ አላፈረም። ሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የተሽከርካሪ ወንበር ውድድር ላይ ቀስት ይዞ ተሰለፈ። ከዚያ የሜዳሊያ ወሬ አልመጣም፤ ጋዜጦቹም ከፎቶግራፉ በቀር ብዙ የሚጽፉት አላገኙም። በእኛ አስተያየት ግን ከሮማው ፎቶግራፍ ጎን መሰቀል የሚገባው ይኸኛው ነው።

በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኖርዌይ ተጋብዞ ሄደ። በአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ላይ ቀስት ወረወረ፤ የጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። ሦስተኛው ውድድር በበረዶ ላይ በሸርተቴ ነበር። ደጋ ሰው ውርጭ ያውቃል፤ የጃናሞራና የደባርቅ ሰውማ ራስ ደጀን አናቱ ነጥቶ ማየት አዲሱ አይደለም። በረዶ ላይ መወዳደር ግን በሸዋም ሆነ በጎንደር የተወለደ ሰው ሙያ አይደለም። አበበ በዚያ ሸርተቴ ላይ ተቀምጦ 16 ሰዎች በተሰለፉበት ውድድር በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ።

ከቶኪዮ ወዲህ ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ይህ ድል በኦሊምፒክ መዝገብ አይገኝም፤ ወርቅም አልተባለም። ግን ሩር ተከትሎ ዳገት የወጣ ልጅ፣ እግሩን ካጣ በኋላ፣ በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ጨዋታ፣ ከባለ አገሮቹ መካከል ቀድሞ ገባ። አበበ ራሱ ድሉንም አደጋውንም ከእግዚአብሔር እንደ ተቀበለ ሲናገር ሁለቱን አያበላልጥም ነበር።

ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ ማራቶን ተደረገ። ቀኑ ከሮማው ድል ልክ 12 ዓመት ነው፤ በኛ አቈጣጠር ከዕለቱ እንኳ ዝንፍ አላለም። አበበ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጋብዞ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። በመክፈቻው ቀን ሕዝቡ ሲያየው በጭብጨባ ተቀብሎታል። ሩጫውን አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አሸነፈ፤ የአበበ የቀድሞ ጓደኛ ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ሆኖ ነሐስ አገኘ። ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ ወንበሩ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ። ያች እጅ በዚያን ጊዜ ገመድ የሳበች፣ ሸርተቴ የነዳች፣ የጠረጴዛ ቴኒስ መምቻ የያዘች፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ የገና ዱላ የጨበጠች እጅ ናት።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ዐረፈ፤ ምክንያቱም ከመኪናው አደጋ ጉዳት ጋር የተያያዘ ነበር። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱ ብሔራዊ የኀዘን ቀን ዐወጁ፤ 65,000 ያህል ሕዝብም ሸኘው። ወሩ ጥቅምት ስለ ነበር፣ የደጋው እህል ገና አልታጨደም፤ የገናም ሜዳ አልተከፈተም ነበር።